የከዋክብት ጠባይ መለዋወጥ ምድርን የመሰለ ዓለም ለሚፈልጉ ሊቃውንት ስለሚያመጣው ችግር

ልጆች በሌሊት ከዋክብትን አይተው መምህራቸውን «በእነዚያ ዘንድ እንደ እኛ ምድር ያለች ሌላ ምድር አለችን?» ብለው ሲጠይቁት፥ መምህሩ «እግዚአብሔር ያውቃል» ከማለት በቀር የሚመልሰው አልነበረውም። ይህ መልስ ዛሬም ስሕተት አይደለም። ነገር ግን ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) ሊቃውንት ከፀሐያችን ሌላ በኾኑ ከዋክብት ዙሪያ የሚዞሩ ከ6,000 የሚበልጡ ፕላኔቶች አግኝተዋል። ፕላኔት ማለት እንደ ምድራችን፥ እንደ ዝሁራ፥ እንደ መሪኅና እንደ መሽተሪ የራሱ ብርሃን ሳይኖረው በኮከብ ዙሪያ የሚዞር ዓለም ነው። ኾኖም ከእነዚህ ሁሉ መካከል በመጠኗም፥ በዓመቷ ርዝመትም፥ በምትዞረው ፀሐይ ዐይነትም ምድራችንን በትክክል የምትመስል አንዲት እንኳ በርግጥ ተገኘች ለማለት አልተቻለም። ለዚህም ምክንያቱ የመነጽር ማነስ ብቻ አይደለም፤ የከዋክብቱ የራሳቸው ጠባይ ነው እንጂ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በጀርመን አገር ደሳው በምትባል ከተማ ሃይንሪኽ ሽቫበ የሚባል መድኀኒት ቀማሚ ነበረ። ይህ ሰው ከዐጣርድ ይልቅ ለፀሐይ የቀረበ ያልታወቀ ፕላኔት ሳይኖር አይቀርም፥ በፀሐይ ፊት ሲያልፍም እንደ ጥቁር ነጥብ ኾኖ ይታየኛል ብሎ ከ1826 ዓ.ም. ዠምሮ ሰማዩ በጠራበት ቀን ሁሉ ፀሐይን በመነጽር ይጠብቅ ነበር። በፀሐይ ፊት ላይ ጥቋቁር ነጠብጣቦች መኖራቸው ከጋሊሌዎ ዘመን ዠምሮ የታወቀ ስለ ኾነ፥ ከሚፈልገው ፕላኔት ጋራ እንዳይምታቱበት በየቀኑ እየቈጠረ በመዝገብ ይጽፋቸው ዠመር። 17 ዓመት እንዲህ ሲያደርግ ኖረ። የፈለገውን ፕላኔት አላገኘም፤ እንደዚያ ያለ ፕላኔት የለምና። ነገር ግን መዝገቡን ቢመረምር ነጠብጣቦቹ ዐሥር ዓመት በሚያህል ጊዜ እየበዙና እያነሱ እንደሚመላለሱ ተረዳና በ1843 ዓ.ም. ገለጠው። ዛሬ ይህ ዘመን በአማካይ 11 ዓመት እንደ ኾነ ታውቋል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ዐውድ ምን እንደ ኾነ ያውቃል፤ ነገር ግን ይህ የነጠብጣብ ዐውድ እንደ 28 ዓመቱ ዐውደ ፀሐይ ወይም እንደ 19 ዓመቱ ዐውደ አበቅቴ በቍጥር የተቈረጠ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ያጥራል፥ አንዳንድ ጊዜ ይረዝማል። ይህም አለመጽናቱ፥ ወደ ፊት እንደምናየው፥ ለሊቃውንት ችግርም መፍትሔም ኾኖአል።

ሥጋዊ ዐይን ንጽሕት ክብ አድርጎ የሚያያት ፀሐይ በመነጽር ስትመረመር ፊቷ በድስት እንደሚንተከተክ ሽሮ ነው። ከውስጥ የጋለው ወደ ላይ ይወጣል፥ ሙቀቱን ሰጥቶ ይበርዳል፥ ተመልሶም ይሰጥማል። እያንዳንዱ አረፋ ስፋቱ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኾን ዕድሜው ዐሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ከዚህም በላይ የፀሐይ ፊት አምስት ደቂቃ በሚያህል ጊዜ ከፍ ዝቅ እያለ ይርገበገባል፤ ይህን በ1960 ዓ.ም. ያገኘው አሜሪካዊው ሮበርት ሌይተን ነው። ነጠብጣቦቹ ደግሞ ጆርጅ ሄል በ1908 ዓ.ም. እንዳሳየው ጽኑ የማግኔት ኀይል ያለባቸው ሥፍራዎች ናቸው። ይህ ኀይል ከታች የሚወጣውን ትኩሳት ስለሚያግደው፥ የቀረው የፀሐይ ፊት 5,500 ዲግሪ ያህል ሲግል ነጠብጣቦቹ ከ4,000 ዲግሪ በታች ሊወርዱ ይችላሉ። ከጐረቤታቸው ብርሃን ጋራ ሲተያዩ ጠቈሩ እንጂ ለብቻቸው ቢታዩ ኖሮ ዐይን የሚያጠፉ በኾኑ ነበር። ሌሎቹ ከዋክብትም ፀሐዮች ስለ ኾኑ ይህ ሁሉ በእነርሱም ዘንድ አለ፤ ልዩነቱ እኛ ፊታቸውን ለማየት አለመቻላችን ነው። ከርቀታቸው የተነሣ እጅግ ጥቂቶቹ ሲቀሩ ኮከብ በታላቅ መነጽር እንኳ አንዲት የብርሃን ነጥብ ብቻ ነውና፥ ነጠብጣቡም መንተክተኩም ፕላኔቱም በዚያች ነጥብ ውስጥ ተደባልቀው ይደርሱናል።

ፕላኔቶችን ለመፈለግ ካሉት መንገዶች ሁለቱ ይበልጣሉ። አንደኛው ጥላ መጠበቅ ነው። ፕላኔቱ በኮከቡና በእኛ መካከል ሲያልፍ የኮከቡ ብርሃን በጥቂቱ ይቀንሳል። ምን ያህል እንደሚቀንስ ለልጆች በምጣድ ማስረዳት ይቻላል። የፀሐይ አግድመት ከምድር አግድመት 109 ጊዜ ይበልጣል፤ ስለዚህ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር የኾነ ምጣድ ፀሐይ ቢኾን ምድር አምስት ሚሊ ሜትር ተኩል የምታህል አንዲት የአተር ፍሬ ትኾናለች። አተሯ ከምጣዱ ስንተኛውን እጅ እንደምትሸፍን ለማወቅ 109ን በ109 ያባዙ፤ 11,881 ይኾናል። እንግዲህ ምድር በፀሐይ ፊት ስታልፍ ከብርሃኗ 12,000 እጅ አንዱን ብቻ ትቀንሳለች፤ ያውም ቢበዛ ለ13 ሰዓት፥ ያውም በዓመት አንድ ጊዜ፥ ያውም ተመልካቹ በትክክል በመሥመሩ ላይ የቆመ እንደ ኾነ ነው። በአንጻሩ ትልቅ የነጠብጣብ መንጋ በፀሐይ ፊት ላይ ሲወጣ ብርሃኗን ከሺህ አንድ እጅ ያህል ሊቀንሰው ይችላል፤ ይኸውም ከምድር ጥላ 12 ጊዜ ይበልጣል። ደግነቱ ነጠብጣቡ ከፀሐይ ጋራ እየዞረ ከዳር እስከ ዳር የሚያልፈው በ13 ቀን ገደማ እንጂ በ13 ሰዓት ስላልኾነ ዘገምተኛውን ከችኩሉ መለየት አይከብድም። አስቸጋሪው ከመንተክተኩ የሚመጣውና በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚለዋወጠው የብርሃን መወዛወዝ ነው።

የዚህን ጕዳት የኬፕለር ታሪክ ያሳያል። ኬፕለር የተባለውን ሰማያዊ መነጽር አሜሪካውያን በመጋቢት ወር 2009 ዓ.ም. ወደ ጠፈር ሰደዱት። ሥራውም 150,000 የሚያህሉ ከዋክብትን ዐይኑን ሳይነቅል መጠበቅና ምድርን የሚያህሉ ፕላኔቶች ስንት እንደ ኾኑ መቍጠር ነበር። ለዚህ ሦስት ዓመት ተኩል ይበቃል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ምክንያቱም ዓመቷ እንደ ምድር የኾነ ፕላኔት በዚህ ጊዜ ሦስት ጊዜ ታልፋለችና። ይህ ሐሳብ የተቈረጠው ሌሎቹ ከዋክብት እንደ ፀሐያችን ጸጥተኞች ናቸው በማለት ነበር። በ2011 ዓ.ም. መዝገቡ ሲመረመር ግን ከሚሊዮን 20 እጅ ይኾናል የተባለው መወዛወዝ 30 ያህል ኾኖ ተገኘ፤ ከትርፉም የሚበዛው ከከዋክብቱ ከራሳቸው የመጣ ነበረ። ይህ ለሰሚው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሁከቱ አንድ ጊዜ ተኩል ሲበዛ የመጠበቂያው ዘመን ሁለት ጊዜና ሩብ ይበዛል፤ አንድ ተኩልን በራሱ ቢያባዙት ሁለት ከሩብ ነውና። ስለዚህ ሦስት ዓመት ተኩሉ ስምንት ዓመት ገደማ ኾነ። ዘመኑም ተጨመረለት። ነገር ግን መነጽሩን ሳይነቃነቅ የሚያቆሙት መንኰራኵሮች አራት ሲኾኑ፥ በ2012 ዓ.ም. አንዱ፥ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሁለተኛው ተሰበረ፤ በሁለት ብቻ ደግሞ እንደ ቀድሞው ሊያተኵር አልቻለም። እስከ 2018 ዓ.ም. ድረስ በሌላ ዘዴ ሠራ፥ ከ2,600 በላይ ፕላኔቶችም የተገኙት በእርሱ ነው፤ ዋና ጥያቄው ግን ያለ ርግጠኛ መልስ ቀረ። ከዋክብቱ ትንሽ ጸጥ ያሉ ቢኾኑ ኖሮ መንኰራኵሩ ሳይሰበር መልሱ በተገኘ ነበር።

ሁለተኛው መንገድ የኮከቡን መወላወል መለካት ነው። አባት የሕፃን ልጁን ሁለት እጅ ይዞ ሲያሽከረክረው ልጁ ብቻ የሚዞር ይመስላል፤ አባትየው ግን እንዳይወድቅ ወደ ኋላ ጥቂት እያዘነበለ እርሱም ይዞራል። ኮከብም ፕላኔቱን ሲያዞር እንዲሁ አንድ ጊዜ ወደ እኛ፥ አንድ ጊዜ ወደዚያ ይላል። ይህም የሚታወቀው በብርሃኑ ነው። የኮከብ ብርሃን በመስታወት ተበትኖ እንደ ማርያም መቀነት በየቀለሙ ሲዘረጋ በቀለሞቹ መካከል ቀጫጭን ጥቋቁር መሥመሮች ይታያሉ። ኮከቡ ወደ እኛ ሲመጣ መሥመሮቹ ወደ ሰማያዊው፥ ሲርቅ ወደ ቀዩ ጥቂት ፈቀቅ ይላሉ፤ ጥሩንባውን እየነፋ የሚመጣ መኪና ድምፁ ሲቀርብ እንደሚቀጥን፥ ካለፈ በኋላ እንደሚወፍር ማለት ነው። ሚሼል ማየርና ዲድየ ኬሎ የተባሉት የስዊስ ሊቃውንት በ1995 ዓ.ም. 51 ፔጋሲ በተባለው ኮከብ ዙሪያ የሚዞረውን ፕላኔት በዚህ መንገድ አግኝተው በ2019 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። ያ ፕላኔት ግዙፍና ለኮከቡ እጅግ የቀረበ ስለ ነበረ ኮከቡን በሰከንድ ከ50 ሜትር በላይ ያወላውለው ነበር። ታላቁ መሽተሪ ፀሐያችንን በሰከንድ 12 ሜትር ተኩል ያህል ያንቀሳቅሳታል። ምድር ግን የምታንቀሳቅሳት በሰከንድ 9 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ይህም በሰዓት 324 ሜትር ማለት ሲኾን፥ መዳኽ የዠመረ ሕፃን ከዚህ ይፈጥናል።

አሁን ነጠብጣብ በዚህ ላይ የሚያደርገውን ተንኰል እናስተውል። ኮከብ በራሱ ላይ ይሽከረከራልና አንደኛው ዳሩ ወደ እኛ ይመጣል፥ ሌላው ዳሩ ይሸሻል። ነጠብጣብ በሚመጣው ዳር ላይ ሲወጣ የዚያን ወገን ብርሃን ስለሚቀንሰው የሚሸሸው ወገን ብርሃን ያይላል፤ ተመልካቹም «ኮከቡ እየራቀ ነው» ይላል። ከሳምንት በኋላ ነጠብጣቡ ዞሮ በሚሸሸው ዳር ላይ ሲደርስ ነገሩ ይገለበጣል፤ ተመልካቹም «ኮከቡ ወደ እኛ መጣ» ይላል። ኮከቡ ግን ከሥፍራው አልተነቃነቀም። በዚህም ላይ የመንተክተኩ ነገር ይጨመራል፤ የሚወጣው አረፋ ከሚሰጥመው ይልቅ ብሩህ ስለ ኾነ ኮከቡ በጠቅላላው ወደ እኛ የሚመጣ ያስመስላል። ማግኔት መንተክተኩን በሚያግድበት ዘመን ደግሞ ይህ ማስመሰል ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት በ11 ዓመቱ ዐውድ ውስጥ የፀሐይ ፍጥነት በሰከንድ በብዙ ሜትር የተለወጠ ይመስላል፤ እኛ የምንፈልገው ግን 9 ሳንቲ ሜትር ነው። በገበያ ጫጫታ መካከል የአንድ ሰው ሹክሹክታ እንደ መለየት ያለ ነው።

በዚህ የተሰናከሉት ተራ ሰዎች አይደሉም። ማየርና ኬሎ ከተባሉት አንዱ ኬሎ ራሱ ከጓደኞቹ ጋራ በ2001 ዓ.ም. ኤችዲ 166435 የሚባለው ኮከብ አራት ቀን በማይሞላ ጊዜ ሲወላወል አይተው ፕላኔት ያለው መስሎ ሳለ፥ መርምረው ነጠብጣብ እንደ ኾነ «ፕላኔት የለውም» ብለው ጽፈዋል። ሁሉ ግን እንዲህ ያለ ፍጻሜ አላገኘም። በሚዛን ኮከብ ወገን፥ ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር እየሮጠ 20 ዓመት ያህል በሚፈጅበት ርቀት ላይ፥ ግሊዘ 581 የሚባል ቀይና ታናሽ ኮከብ አለ። በ2007 ዓ.ም. በዙሪያው ዲ በሚል ፊደል የተጠራ ፕላኔት ተገኘ ተባለ፤ ቈይቶም ውሃ ሳይተንና ሳይረጋ ሊኖርበት ይችላል ተብሎ ተወራ። በነሐሴ ወር 2009 ዓ.ም. 26,000 የሚያህሉ አጫጭር የሰዎች ሰላምታዎች ተሰብስበው፥ በአውስትራልያ ካንበራ አጠገብ ካለው ታላቅ የሬዲዮ ጣቢያ ወደዚያ ፕላኔት ተላኩ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ጂ የተባለ፥ ከፊተኛው ይልቅ ምድርን የሚመስል ሌላ ፕላኔት በዚያው ኮከብ ተገኘ ተብሎ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ታተመ።

በ2014 ዓ.ም. ፖል ሮበርትሰንና ጓደኞቹ የዚያን ኮከብ መሥመሮች እንደ ገና መረመሩ። ኮከቡ በራሱ ላይ አንድ ጊዜ የሚሽከረከረው በ130 ቀን ነው፤ ዲ የተባለው ፕላኔት ዓመት ደግሞ 66 ቀን፥ ማለት የዚሁ እኩሌታ ገደማ ነበር። ኮከቡ በማግኔት ሲታወክ «ፕላኔቱ» ጐልቶ ይታያል፥ ኮከቡ ሲረጋ «ፕላኔቱ» ይደክማል። የሁከቱም ድርሻ ከሒሳቡ ሲወጣ ዲ ጠፋ፤ ጂም በእርሱ ላይ የቆመ ስለ ነበረ አብሮት ጠፋ። የተከራከሩ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ግን ፍርዱን ተቀብለውታል። ሰላምታው ግን በመንገድ ላይ ነው፤ በ2029 መጨረሻ ወይም በ2030 መዠመሪያ ገደማ ከኮከቡ ይደርሳል። ኮከቡ አለ፥ ሌሎች ሦስት ፕላኔቶችም አሉት፤ አድራሻው የተጻፈለት ብቻ በቦታው የለም። እኔ በዚህ ነገር ለመሳቅ አልደፍርም። ደብዳቤ ለማይኖር ሰው መላክ የሚያሳፍር አይደለም፤ እንደማይኖር ከታወቀ በኋላ አለ ብሎ መከራከር ነው እንጂ።

እንዲህ ያለው መሳሳት በታናናሾቹ ቀያይ ከዋክብት ዘንድ የሚበዛበት ምክንያት አለ። እነዚህ ከዋክብት ሙቀታቸው ጥቂት ስለ ኾነ ውሃ ሊኖርበት የሚችለው ፕላኔት እጅግ ቀርቦ፥ በጥቂት ቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት መዞር አለበት። ብዙዎቹ ከዋክብት ደግሞ በራሳቸው ላይ የሚሽከረከሩት ይህንኑ በሚያህል ጊዜ ነው። የተፈለገው ፕላኔትና የሚያሳስተው ነጠብጣብ አንድ ዐይነት ቀጠሮ ይይዛሉ ማለት ነው። ከእኛ ስድስት የብርሃን ዓመት በሚርቀው በባርናርድ ኮከብ በ2018 ዓ.ም. 233 ቀን የሚዞር ፕላኔት ተገኘ ተብሎ በ2021 ዓ.ም. የኮከቡ ሁከት መኾኑ ተገለጠ። ነገር ግን ፍለጋው አልተተወም፤ በ2024 ዓ.ም. በቺሌ አገር ባለው ኤስፕሬሶ በተባለው መሣሪያ በሦስት ቀን ገደማ የሚዞር እውነተኛ ፕላኔት ተገኘ፥ በ2025 ዓ.ም. ቍጥራቸው አራት ደረሰ። አራቱም ከምድር ያንሳሉ፤ ለኮከቡ እጅግ የቀረቡ ስለ ኾኑ ግን የሚያቃጥሉ ናቸው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ስሕተቱ የሚመጣው ሁከቱን ለማጽዳት ከሚደረገው ሒሳብ ነው። በ2012 ዓ.ም. አልፋ ሴንታውሪ ቢ በተባለው ጐረቤታችን በሰከንድ 51 ሳንቲ ሜትር የሚያወላውል ፕላኔት ተገኘ ተባለ። በ2015 ዓ.ም. ሌሎች ሊቃውንት ሒሳቡን ሲደግሙት፥ ያ ምልክት ኮከቡ ከታየባቸው ሌሊቶች አከፋፈልና ከማጽጃው ሒሳብ የተወለደ መኾኑን አሳዩ። ማሳውን ሲያርም ከአረሙ ጋራ እህሉን የሚነቅል ብዙ ነው፤ በዚህ ግን አራሚው ያልነበረ እህል አበቀለ።

እንግዲህ እውነተኛውን ከሐሰተኛው በምን ይለዩታል? ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ጊዜ ነው። ፕላኔት ቀጠሮውን አያፈርስም፤ ነጠብጣብ ግን ይወለዳል፥ ያድጋል፥ ይሞታል፥ በሌላ ሥፍራም ይወጣል። ስለዚህ አንድ ምልክት ዓመታት አልፈው እንደ ፊተኛው ከጸና ይታመናል። ደግሞ ፕላኔት ኮከቡን ሲያንቀሳቅሰው መሥመሮቹን ሁሉ ባንድነት እኩል ይወስዳቸዋል፤ ነጠብጣብ ግን የመሥመሩን ቅርጽ ያጣምመዋል፥ በቀዩ ብርሃን ይልቅ በሰማያዊው ይበረታል። የካልሲየም መሥመሮችም ማግኔቱ ሲበረታ ስለሚፈኩ እንደ ሁከት መለኪያ ያገለግላሉ፤ ኦሊን ዊልሰን በ1966 ዓ.ም. በአሜሪካ በዊልሰን ተራራ የብዙ ከዋክብትን ካልሲየም መመዝገብ ዠምሮ እንደ ፀሐይ ያለ ዐውድ እንዳላቸው አሳየ። የአምስት ደቂቃውን መርገብገብ ለማስታገሥ ደግሞ ኮከቡን ሩብ ሰዓት ያህል ሳያቋርጡ ይመለከቱታል፤ ከፍታውና ዝቅታው ይጣፋና። ከ2015 ዓ.ም. ዠምሮም በላ ፓልማ ደሴት ሃርፕስ ኤን ከተባለው መሣሪያ ጋራ ትንሽ መነጽር አያይዘው ፀሐይን ራሷን እንደ ሩቅ ኮከብ አድርገው በየቀኑ ይለኳታል። ይህ እጅግ ብልህ ሐሳብ ነው። ስንት ፕላኔት እንዳላት አስቀድመን በርግጥ የምናውቃት ኮከብ እርሷ ብቻ ናትና፥ ዘዴው ትክክል መኾኑ በእርሷ ይፈተናል።

ትዕግሥት ዋጋ እንዳለው ኤችዲ 20794 በተባለው ጸጥተኛ ኮከብ ታይቷል። ከ20 ዓመት በላይ የተጠራቀመው መዝገብ ተመርምሮ በ2025 ዓ.ም. ዓመቱ 647 ቀን፥ ክብደቱ ከምድር ስድስት እጅ ያህል የኾነ ፕላኔት ተረጋገጠ። መንገዱ ሞላላ ስለ ኾነ ለኑሮ ወደሚመች ሥፍራ ገብቶ ይወጣል፤ ስለዚህ ምድርን መሰለ አይባልም።

ፕላኔቱ በርግጥ ተገኝቶም የኮከቡ ጠባይ ነገር አያልቅም። የቅርባችን ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ በ2016 ዓ.ም. የታወቀ፥ በ11 ቀን የሚዞር፥ ምድርን የሚያህል ፕላኔት አለው። ነገር ግን በዚያው ዓመት በመጋቢት ኮከቡ በድንገት ነዶ ብርሃኑ 68 ጊዜ በዛ፤ በግንቦት 2019 ዓ.ም. ደግሞ ከቫዮሌት ወዲያ ያለው ዐይን የማያየው ብርሃኑ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ 14,000 ጊዜ በለጠ። እንዲህ ባለ እሳት አጠገብ አየርና ውሃ ጸንተው መኖራቸው ያከራክራል። በደለዊ ወገን ባለው፥ ሰባት ፕላኔቶች ባሉት ትራፒስት 1 በተባለው ኮከብም ሌላ ችግር አለ። ከ2022 ዓ.ም. ዠምሮ የሚሠራው ጄምስ ዌብ የተባለው ሰማያዊ መነጽር የኮከቡ ብርሃን በፕላኔቱ አየር ውስጥ ሲያልፍ የሚለወጠውን ይመረምራል፤ የውሃ ተን ምልክት ቢያገኝ ደስ ያሰኘው ነበር። ነገር ግን እንደዚህ ያሉ ኮከቦች ቀዝቃዞች ስለ ኾኑ፥ በነጠብጣባቸው ውስጥ በራሱ የውሃ ተን ይገኛል። ስለዚህ ምልክቱ የፕላኔቱ ነው ወይስ የኮከቡ የሚለው አስቀድሞ መፈረድ አለበት።

መምህራን ይህን ለልጆች ማሳየት ቢፈልጉ ብዙ ገንዘብ አያስፈልጋቸውም። ሁለት ዐይን ያለው ተራ አቅራቢ መነጽር አግኝተው አንዱን ዐይኑን በጨርቅ ይሸፍኑ፥ በሁለተኛው የሚያልፈውን የፀሐይ ብርሃን በጥላ ውስጥ ባስቀመጡት ነጭ ወረቀት ላይ ያሳርፉ። ማንም ሰው፥ ልጅም ቢኾን ሽማግሌ፥ በመነጽሩ ውስጥ ወደ ፀሐይ አይመልከት፤ ዐይኑ ወዲያው ይጠፋልና። በወረቀቱ ላይ ክብ ያድርጉ፥ ነጠብጣብ ካለ ቦታውን በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት፥ ቀኑንም ይጻፉበት። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት በሌላ ወረቀት ይድገሙት። ወረቀቶቹ በሳምንት ውስጥ ሲተያዩ ነጠብጣቡ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ሲጓዝ ይገኛል፤ ልጆቹም ይህ ነጥብ ፕላኔት አለመኾኑን በምን እንዳወቁ ይጠየቁ።